ከዶሮዋ በፊት ቤቷ

ፀሐይ ወደ ጉደር ሸለቆ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የካቺሲ ዶሮዎች የሚጠራቸው አይፈልጉም። ቀኑን ሙሉ በጎመኑ መሃልና በአጥር ሥር ሲጭሩ ይውሉና፣ አንዷ ሌላዋን እየተከተለች ደፉን ተሻግረው ወደ ቤት ይገባሉ። ቄቧ ምድጃው አጠገብ የተከመረው ማገዶ ላይ ትወጣለች። እናቲቱ ጫጩቶቿን በክንፏ ሰብስባ ጥግ ትይዛለች። አውራው ከግድግዳው ወደ ምሰሶው የተጋደመችው ቆጥ ላይ፣ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይሰፍራል። ከእሱ ሥር ካለው መደብ ላይ ልጆች ይተኛሉ። ሌሊቱን የወረደውን ኩስ ጠዋት እናት ወይም ታላቋ ልጅ ጠርጋ ታወጣዋለች።

ካቺሲ በምዕራብ ሸዋ የግንደበረት ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የአምቦን መንገድ ይዞ ጊንጪ ሲደርስ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በጀልዱ በኩል ይዘልቃል። ከከተማዋ ወዲያ ደጋው ቁልቁል ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በምዕራብ ጉደርን የተሻገረ ደግሞ ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ይገባል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ክረምቱ ጓሮውን ጭቃ ያደርገዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዶሮን ደጅ ማሳደር ለሸለምጥማጥ እንደመስጠት ነው፤ ሌባም አይጠፋም። ሰው ዶሮውን አብሮት የሚያሳድረው ሌላ የሚያሳድርበት ስለሌለው እንጂ ንጽሕና ጠልቶ አይደለም።

ሆኖም ይህ ልማድ በልጆች ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ዴሪክ ሄዲና ካሌ ሂርቮነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት ከኢትዮጵያ ገጠር የተሰበሰበ መረጃ ላይ የቆመ ነው። ዶሮ ያለው ቤት ልጆች ከሌለው ቤት ልጆች ይልቅ በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዶሮዎቹ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ በሚያድሩበት ጊዜ ግን ውጤቱ ተገለበጠ፤ የልጆቹ ቁመት ከእድሜያቸው ወደኋላ የቀረ ሆነ። የሚጠረጠረው ኩሱ ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን መሬት የነካ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ በኩሱ ውስጥ ያሉት ጀርሞች አንጀቱ ውስጥ ይገቡና ሳያሳምሙ፣ ሳያስተኙ፣ የበላው ምግብ ከሰውነቱ ጋር እንዳይዋሐድ ያደርጋሉ። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 በመቶዎቹ የቀነጨሩ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም።

እንቁላሉ ደግሞ ለእነዚሁ ልጆች ያስፈልጋቸዋል። በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር የሆናቸው ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲመገቡ የመቀንጨር መጠናቸው በግማሽ ገደማ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቧል። ማላዊ ላይ ሲደገም ይህን ያህል ውጤት አልታየም፤ እዚያ ሕፃናቱ ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር። ዓሣ በማይገኝበት የግንደበረት ደጋ ግን እንቁላልን የሚተካ ቅርብ ነገር የለም። እንግዲህ ዶሮዋ ትኑር፣ ልጁ ከሚተኛበት ቤት ግን ትውጣ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለዚህ ነው። ዶሮ ከመግዛት በፊት ቤት ይሠራ።

ሰሞኑን የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋ፣ ማርና ዓሣ በየቤቱ እንዲገባ ተነስቷል። ዶሮውም በየከተማው በብዛት መጥቷል። በካርቶን ታጭቆ የሚመጣው “የ45 ቀን” የሚባለው ነው፤ የአንድ ቀን ጫጩት ሆኖ ከጫጩት አስፈልፋይ ድርጅት ይገዛና አንድ አሳዳጊ ዋና ዋና ክትባቶቹን ሰጥቶ፣ ላባ አውጥቶ ብርድ መቋቋም ሲጀምር ለየቤቱ ይሸጠዋል። ዝርያው በአብዛኛው ሳሶ ወይም ቦቫንስ ብራውን ነው። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ገበሬውን ከጫጩትነት ዘመን ጭንቀት ይገላግለዋል። ግን ካርቶኑ ግቢ ውስጥ ሲከፈት ያልተሠራው ቤት ፍንትው ብሎ ይታያል።

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ባልና ሚስት የአንድ የተለየ ቤት ሰዎች አይደሉም፤ ሃያ ዶሮ ለማርባት የተነሣ የካቺሲ ቤተሰብ የሚገጥመውን እንዲያሳዩ የቆሙ ናቸው። ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በክርክር ነው።

“ዶሮዎቹ ይምጡ እንጂ ቤቱማ ይደርሳል” ይላል ባል።

“የት ልታሳድራቸው ነው? ልጆቹ ራስ ላይ?” ትላለች ሚስት።

እሷ ትክክል ናት። የሃያ ዶሮ ቤት ደግሞ እንደሚፈራው አይደለም። ለአምስት ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ወለል ይበቃል፤ ስለዚህ ለሃያዎቹ አራት ካሬ ሜትር ነው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ተኩል ቢደረግ ትርፍ ቦታ ይኖራል። እንጨቱ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ወይም ሣር ሊሆን ይችላል። የሚገዛው ሽቦ ወንፊት፣ ምስማርና ማጠፊያ ነው። ቦታው ውሃ የማይተኛበት፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው፣ ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ያለ ይሁን። ከመኖሪያ ቤቱ አንጻር ነፋሱ የሚነፍስበት አቅጣጫ ተጠንቶ የዶሮው ቤት ከነፋሱ በታች ቢሆን ሽታው ወደ ሰው አይመጣም።

ወለሉን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ለግንደበረት ክረምት የግድ ነው ማለት ይቻላል። እርጥበት ከሥር አይወጣም፣ አይጥም ጎጆ አይሠራም። መሬት ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን ሽቦው ዙሪያውን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መቀበር አለበት፤ ቆፍሮ የሚገባ አውሬ አለና። የሽቦው ቀዳዳም ይታይ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳል እንጂ ሸለምጥማጥን ከመግባት አያግድም። ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሌላው አካሉን አያስቸግረውም፤ ቀጭንና እንደ ልቡ የሚተጣጠፍ አውሬ ነው። አንድ ሌሊት የገባ እንደሆነም አንዷን በልቶ አይሄድም፤ ያገኛትን ሁሉ አንገቷን ይነክሳል። ስለዚህ ከቀዳዳው ጣት የማያልፍ ሽቦ ጥቂት ብር ቢጨምርም ያዋጣል።

ደጋ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ነው። ዶሮ ላባ ካወጣች ብርድን ትችላለች፤ የማትችለው የታፈነ እርጥብ አየርን ነው። ኩስ ሲረጥብ አሞኒያ የሚባለውን የሚቆጠቁጥ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ የመተንፈሻ አካሏን ያቆስልና ለበሽታ በር ይከፍታል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል እስከ ወገብ ድረስ በጭቃ ይመረግ፣ ከዚያ በላይ ያለው በሽቦ ይሁን፤ ነፋስ በሚበረታበት ወገን ብቻ ማታ ማታ ጆንያ ይውረድበት። መፈተኛው ቀላል ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ፣ ዶሮዎቹ ሳይወጡ ገብቶ ቁጢጥ ይባላል፤ አፍንጫን ዶሮዋ ከምትተነፍስበት ከፍታ ላይ አድርጎ ጥቂት መቆየት ነው። ዓይን ከቆጠቆጠ አየሩ ለሰውም ለዶሮም አይበጅም፤ ወይ መስኮቱ ይስፋ፣ ወይ ጉዝጓዙ ይቀየር። ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ወይም የጤፍ ገለባ ሆኖ ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢነጠፍ በቂ ነው። ከዚያ የሚወጣው ኩስና ገለባ ለጓሮው ጎመን የሚመቸውን ያህል ሌላ ማዳበሪያ አይመቸውም፤ አዲሱ ግን ሥር ስለሚያቃጥል ጥቂት ወር ተከምሮ መብሰል አለበት።

ለእያንዳንዷ ዶሮ ቆጥ ላይ ሃያ ሳንቲ ሜትር ቦታ ይበቃታል። ሃያ ዶሮ አራት ሜትር ማለት ነው፤ ሁለት ሜትር የሆኑ ሁለት እንጨቶች በቂ ናቸው። ሁለቱ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ከፍ ካለ ሁሉም እሱን ስለሚሹ ሌሊቱ በጠብ ያልፋል። የእንቁላል መጣያው ሳጥን፣ ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ ሆኖ፣ ከቆጡ ዝቅ ይበል፤ ጨለም ያለ ጥግም ይሁን። ከፍ ካለ ዶሮዎቹ እዚያው ያድሩበትና እንቁላሉ በኩስ ይቆሽሻል።

ቤቱ ከተሠራ ቀጣዩ መኖ ነው፤ በዶሮ እርባታ ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች። ሃያዎቹ በቀን 2.4 ኪሎ፣ በወር 72 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳይሰሙ ዶሮ የገዙ ሰዎች በሁለተኛው ወር ሲጨንቃቸው ይታያል። ጭራ የምትለቅመው የተወሰነውን ይቀንሳል፤ የቀረው ከአካባቢው ሊሞላ ይችላል። የተከካ በቆሎ ጉልበት ይሰጣል። ፉሩሽካ ያሰፋዋል። ፕሮቲኑ ከኑግ ፋጉሎ ይገኛል፤ ኑግ አብቃይ አካባቢ በመሆኑ ይህ ለግንደበረት ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ለቅርፊቱ ጥንካሬ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ተቀቅሎ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ ትንሽም ጨው ይጨመራል። ፋጉሎና በቆሎ የሻገተ እንዳይሆን ግን አጥብቆ መጠንቀቅ ነው፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ጉበቷን እያደከመ እንቁላሏን ይቀንሳል።

የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ቴርሞ ሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ራሳቸውን ይመልከት። ሙቀቱ ሥር ተደራርበው ጭው ጭው ካሉ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ሸሽተው ጥግ ጥግ ይዘው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል፤ ወለሉ ላይ ተበታትነው እየበሉ ከሆነ ልክ ነው። በየቤቱ የሚደረገው ከሰል ማቀጣጠል ነው፤ መስኮት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ጫጩትንም ሰውንም የሚገድል ጭስ አልባ መርዝ አለው። የጅማው ተመራማሪ ሰሎሞን ደመቀ ያጠኑት የጭድ ሳጥን እሳትም መብራትም የማይፈልግ መፍትሔ ነው፤ ዙሪያውን ጭድ የታጨቀበት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ሆኖ የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት ይዞ ያሳድራቸዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ እንዲህ ያለ ዕቃ በየአናጺው ቤት ሊሠራ ሲገባው እምብዛም አለመታየቱ ያስቆጫል።

ስለ ዝርያ ብዙ ይወራል። የውጭ ዶሮ ኢትዮጵያ የገባው ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ኮሌጆች በኩል ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ተከፋፍሏል። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ የ2013 ዓ.ም. ጥናት በአገሪቱ ከቆጠራቸው 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ግን ከመቶ ሰባ ዘጠኝ የሚሆኑት አገር በቀል ነበሩ። ሰባ ዓመት የተደከመበት የውጭ ዝርያ ያልተስፋፋው ገበሬው ስላልፈለገው አይመስልም። ቤትና መኖ ባልተዘጋጀበት ግቢ ውስጥ የሚኖረው የአበሻ ዶሮ ብቻ በመሆኑ ነው። በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን ትንንሽ እንቁላል ትጥላለች፤ ቦቫንስ ብራውን በጥሩ አያያዝ ወደ 300 ትደርሳለች። ግን የአበሻዋ ራሷ ታቅፋ ትፈለፍላለች፣ ጭልፊትን አይታ ትሸሸጋለች፣ የራሷን ቀለብ ጭራ ታገኛለች።

እዚህ ላይ የካቺሲ ሰው ሊኮራበት የሚገባ ነገር አለ። ከጉደር ማዶ፣ ከሆሮ አካባቢ የተሰበሰበው የሆሮ ዶሮ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በምርጫ እየተሻሻለ መጥቷል። ንጉሤ ዳናና ወንድምአገኘሁ ኢሳቱ የተባሉት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የዶክትሬት ሥራቸውን ሠርተውበታል። ከትውልድ ወደ ትውልድ እንቁላል ብዙ የሚጥሉትና ፈጥነው የሚያድጉት እየተመረጡ ሲራቡ የእንቁላሉም የክብደቱም መጠን ጨምሯል። ታደለ ደሴ የመሩት የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የዶሮ መርሐ ግብርም ሆሮን ከሳሶ፣ ከኩሮይለርና ከኮይኮክ ጋር በየገበሬው ግቢ አሰልፎ ፈትኖታል። በውጭ ዝርያ ላይ የሚወጣው ጉልበት ጥቂቱ እንኳ ወደዚህ ቢዞር፣ የጎረቤት ዶሮ ተሻሽላ ለጎረቤት ትደርስ ነበር።

የአበሻዋ ዶሮ ራሷ መታቀፏ ግን ሁልጊዜ አይፈለግም፤ በየመንደሩ የመታቀፍ ፍላጎቷን ለማስቆም በእግሯ ዘቅዝቆ መስቀል፣ አልያም አፍንጫዋ ውስጥ ላባ መሰካት የተለመደ ነው። ሁለቱም ያሠቃያታል። ወለሉ ሽቦ በሆነ ቅርጫት ውስጥ መኖና ውሃ ሰጥቶ ለጥቂት ቀን ማቆየት ያው ውጤት ይሰጣል፤ ሆዷ ሥር አየር ስለሚገባና ስለማይሞቃት ትተወዋለች።

የእንቁላሉ ገንዘብ በአብዛኛው ቤት የሚስት ነው። ለደብተር፣ ለጨው፣ ለሳሙና ማንንም ሳትጠይቅ የምትመዘው ነው። ይህን ገንዘብ ጾም ያዛባዋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንቁላል ገዢው ይሳሳል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። ትንሣኤ ሲቃረብ አውራ ዶሮ የሚፈለገውን ያህል አይገኝም። ይህን የምታውቅ ሴት ጫጩቶቿን ከገና በፊት ታስፈለፍላለች፤ አውራዎቹ ለፋሲካ ይደርሱላታል። የጾሙን እንቁላል ደግሞ ከፊሉን ለምትታቀፈዋ ታስቀምጣለች፤ የተረፈውን ጾም የማይመለከታቸው ሕፃናት ይበሉታል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ፈንግል ከመጣ ግን ሁሉም ይጠፋል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ መድኃኒት የለውም። አንዲት ዶሮ አንገቷን ጠምዝዛ፣ አረንጓዴ ቅዘን ቀዝናና ላባዋን አንጨፍርራ ከተገኘች በሳምንት ውስጥ ግቢው ባዶ ሊሆን ይችላል። ዋናው መከላከያ ክትባት ነው፤ ክትባቱም የሚመረተው ከሩቅ አይደለም፣ ቢሾፍቱ ባለው እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሙቀት የሚቋቋመው አይነት ዓይን ላይ አንድ ጠብታ በማድረግ ይሰጣል፤ በየሦስትና አራት ወሩም መደገም አለበት።

ችግሩ ጠርሙሱ ነው። አንዱ ጠርሙስ ለመቶ ወይም ለብዙ መቶ ዶሮ የሚበቃ ክትባት ይይዛል፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ያልቃል ወይም ይጣላል። ሃያ ዶሮ ያላት ሴት አንድ ጠርሙስ ለብቻዋ ብትገዛ አብዛኛው ይፈስሳል፤ ስለዚህ ሳትገዛ ትቀራለች፤ የጎረቤቷ ያልተከተቡ አምስት ዶሮዎች ደግሞ በአጥሩ ሥር ያልፋሉ። መፍትሔው በአንድ ጠዋት ሰፈሩን መጥራት ነው። ከአጥር አጥር እየተጠራሩ፣ “አዴ፣ የእርስዎስ ስንት ናቸው?” እየተባባሉ፣ ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ በየቤቱ እየዞሩ ይያዛሉ። አንዷ ክንፎቿን ሰብስባ ትይዛለች፤ ሌላዋ ጠብታውን ታደርጋለች፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ለመጀመሪያው ቀን ካሳየ ቀሪውን ሴቶቹ ራሳቸው ይችሉታል። የጠርሙሱ ዋጋ ለአሥር ቤት ሲካፈል ለአንዱ ቤት የሚደርሰው ጥቂት እንቁላል ነው። ቀኑ ከክረምቱ መግቢያ በፊት፣ በግንቦት ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለተኛው በመስከረም፣ ሦስተኛው በጥር። ያን ቀን ከዶሮው ቤት በር ጀርባ በእርሳስ መጻፍ የልጆቹ ሥራ ይሁን።